መሳቢያዬ ውስጥ ሁለት ቀን ያደረው ቅጽ

ይህን ጉዳይ ለባለቤቴ እንኳ ሙሉውን የነገርኳት ከስምንት ወር በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ግማሹን ነግሬያት ነበር፤ የነገርኳት ግማሽ ደግሞ እኔን ደግ የሚያስመስለውን ነው። ለእናንተ ግን ምንም ሳልቀንስ ልጽፍ ቆርጬ ተነስቻለሁ። መሃል ላይ ራሴን ሳሳምር ካገኛችሁኝ ታዘቡኝ፤ የቆየ አመሌ ነው።

የምሠራው ጆሃንስበርግ፣ ብራምፎንቴን ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ነው። መጽሐፍ አውሳለሁ፣ ሲመለስ እቀበላለሁ፣ የተቀደደውን እጠግናለሁ። እዚህ አገር እንደመጣሁ እንደ ብዙዎቻችን ብርድ ልብስ ተሸክሜ በየታውንሺፑ፣ ከከተማ ዳር ባሉት የድሃ ሰፈሮች፣ እያዞርኩ ሸጫለሁ። ከዚያ የማታ ተምሬ፣ ፔፐሬም፣ ማለት የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ተስተካክሎልኝ፣ ወንበር ያለው ሥራ አገኘሁ። ወንበሩ ትንሽ ሳያኮራኝ አልቀረም። የበለጠ የሚያኮራኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። ከሂልብሮው እስከ ዛንድስፕሩት ባል ከሚስቱ፣ ወንድም ከወንድሙ፣ ሸሪክ ከሸሪኩ ሲጣላ የሚጠራው ታደለ ነው። እኔና አቶ ሽብሩ፣ ጄፒ በምንለው የሐበሻ ገበያ የመጋረጃና የብርድ ልብስ ጅምላ መደብር ያለው ወዳጄ፣ አንድ ላይ ገብተን ሳናስታርቅ የወጣንበት ቤት አላስታውስም። ሰዎች «ታደለ ከገባበት አለቀ» ሲሉ እሰማለሁ፤ እንዳልሰማም እሆናለሁ።

ኮሌጁ ውስጥ ኖምሳ የምትባል የተማሪዎች ድጋፍ ክፍል ሠራተኛ አለች። ጌይ፣ ሌዝቢያን፣ ትራንስ የሆኑ ተማሪዎችና ሠራተኞች ችግር ሲገጥማቸው ሳይፈሩ የሚያናግሩት ሰው በየቢሮው እንዲኖር ብላ ፈቃደኛ ሠራተኞችን ለሁለት ቀን ታሠለጥናለች። ሥልጠናውን ለወሰደ ሰው «አጋር» የሚል የምስክር ወረቀትና ጠረጴዛው ላይ የሚለጥፈው ትንሽ የቀስተ ደመና ስቲከር ይሰጠዋል። እኔ የገባሁት አለቃዬ ከእኛ ክፍል አንድ ሰው ይሂድ ስላለች ነው። ምሳውም ጥሩ ነበር። ኖምሳ ጠረጴዛ ላይ ከአንዲት ሴት ጋር ተቃቅፋ የተነሳችው ፎቶ አለ፤ እህቷ መስላኝ «ትመሳሰላላችሁ» ብያታለሁ። ሚስቷ ነበረች። ሳቀች እንጂ አልተቀየመችኝም።

በሥልጠናው ኖምሳ ደጋግማ ያለችው አንድ ነገር ነው። የምትሰሙት ነገር የእናንተ አይደለም፣ የነገራችሁ ሰው ንብረት ነው፤ እሱ ሳይፈቅድ ለእናቱም ቢሆን አይነገርም አለች። ይህንን በማስታወሻዬ ላይ ባማረ ጽሕፈት ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት። ማስታወሻው ዛሬም አለኝ። ስቲከሩንም ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት፣ ሁሉም ሰው እንዲያየው አድርጌ ለጠፍኩት። አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ስለ ስቲከሩ አልጠየቀኝም።

ልጅቷ የመጣችው ረቡዕ ጠዋት ነበር። ጂንስ ጃኬት ለብሳለች፣ ጸጉሯን አሳጥራለች፣ ክንዷ ሥር መጽሐፍ ይዛለች። ገና በር ላይ ሳያት የኛ ልጅ መሆኗን አወቅኩ፤ ሐበሻ ሐበሻን አይስትም። እሷ ግን እኔን አላየችም። ዓይኗ ስቲከሩ ላይ ነበር። የሚዋሰውን ሰው ሁሉ አሳልፋ፣ ጠረጴዛው ፊት ሰው ሲጠፋ ጠጋ አለችና በእንግሊዝኛ፣ «ይህ ስቲከር የእርስዎ ነው ወይስ ከጠረጴዛው ጋር የመጣ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

«የእኔ ነው» አልኳት፣ እኔም በእንግሊዝኛ።

ያን ጊዜ በአማርኛ ሰላም ልላት ይገባ ነበር። ከማን ጋር እንደምትነጋገር አውቃ፣ ልትናገር ወይም ልትሄድ መምረጥ ነበረባት። አፌን ብከፍት ትሸሻለች ብዬ ነው ዝም ያልኩት ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ጉዱን መስማት ፈልጌ ነው። ከጠረጴዛዬ ጀርባ መጽሐፍ ወደምንጠግንባት ጠባብ ክፍል ወሰድኳት፤ በሙጫ ጣሳዎችና በተገነጣጠሉ መጻሕፍት መሃል ተቀመጥን። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተናገረች።

አባቷ ሲሞት ወንድሟ ነው ያሳደጋት፤ እናቷ ዛሬም ሆሳዕና ናት። ከሆሳዕና እዚህ ያመጣት፣ የሚያስተምራት፣ ቤሪያ ሰፈር ካለው አፓርታማ ከሚስቱ ጋር የሚያኖራት እሱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም አለች፤ ይህንን ሁለት ጊዜ አለችው። አሁን ደርባን ሱቅ ያለው አንድ ሰው ሊያገባት ጠይቋል፣ ወንድሟም ደስ ብሎታል፣ በመጪው እሁድ ሽማግሌ ይመጣል። እሷ ግን ከአንዲት ሴት ጋር ሁለት ዓመት አልፏታል። እምቢ ካለች ምክንያት ትጠየቃለች፤ ምክንያቱን ከተናገረች ደግሞ ወንድሟ ወደ አገር ቤት ይልካታል። እዚያ ምን እንደሚጠብቃት እኔም አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ከእሁድ በፊት ካምፓስ ውስጥ ክፍል ማግኘት አለባት። ለእንዲህ ዓይነት ችግር የአስቸኳይ መኖሪያ ቅጽ እንዳለ ሰምታለች፤ ቅጹን የሚሞላውና ለኖምሳ የሚያደርሰው ስቲከሩ ያለው ሰው ነው።

ቅጹን አወጣሁ። ስሟን ልጽፍ መታወቂያዋን ተቀበልኩና አነበብኩ። ከዚያ በአማርኛ፣ «ምሕረት፣ አይዞሽ ልጄ» አልኳት።

ቀና ስትል ፊቷ ደሙ ተመጥጦ ነበር። ከወንበሯ ተነስታ ቆመች፤ በሩን አየች፣ እኔን አየች። «ሐበሻ ነዎት?» አለችኝ በቀጭን ድምፅ።

«ቁጭ በይ። አለሁልሽ፣ በማርያም፤ ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

ከዚያ ተቀመጠችና፣ «ጋሼ፣ ይህን ነገር በአማርኛ ለማንም ብዬው አላውቅም። በአማርኛ የማውቀው ቃል ስድቡን ብቻ ነው» አለችኝ። እኔም ስድቡን ብቻ ነበር የማውቀው። ከዚያም ቃላቱን እንደሚለካ ሰው ቀስ ብላ፣ «ሴት ነው የምወደው» አለችና አለቀሰች። በገዛ ቋንቋዋ ስትናገረው እኔ የመጀመሪያው ሰሚ ነበርኩ። ቅጹን ፈርሜ የዕለቱን ቀን ማኅተም አደረግኩበት። ዛሬውኑ ኖምሳ ጋ እንደሚደርስ ነገርኳትና ቀለል ብሏት ሄደች።

የኖምሳ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ለመውጣት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ቅጹን ይዤ ተቀመጥኩ። አንዲት ልጅ ካሳደጋት ወንድሟ በአንድ ወረቀት ልትቆረጥ ነው ብዬ አሰብኩ። ነገ ሲፈልጋት ሲያጣት ምን ይሆናል? ሽማግሌ ባለበት አገር ቤተሰብ እንዲህ ይፈርሳል? ይህ እንግዲህ ጨዋ የሚመስለው ሐሳቤ ነው። ከሥሩ ሌላ ነበር። ልጅቷ የሽማግሌዎቹን መሪ ስም ስትጠራልኝ ልቤ ዘሎ ነበር፤ ሽብሩ ነው! የኔው ሽብሩ! ለእሱ አንድ ቃል ብነግረው የእሁዱ ነገር ይቀራል፣ ልጅቷም ከቤቷ ሳትወጣ ትምህርቷን ትጨርሳለች፤ ምናልባት እስከዚያ ያ ነገርም ይተዋታል። አዎ፣ ይህንንም አስቤያለሁ። ከሁለት ቀን ሥልጠና በኋላ፣ ስቲከር ለጥፌ፣ ይህንን አሰብኩ። ታደለ ከገባበት ያልቅ የለ! ቅጹን መሳቢያዬ ውስጥ ከማኅተሙ ቀለም ሥር አስገባሁት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጄፒ ወረድኩ። ሽብሩ ደንበኞቹን ሸኝቶ፣ በብርድ ልብስ ክምር መሃል በርጩማ ሰጠኝ። የእሁዱን ሽምግልና እንዲያዘገየው ጠየቅኩት። ምክንያቱን ጠየቀኝ። ትማር አልኩት፤ የደርባኑ ሰው እስክትጨርስ እጠብቃለሁ ብሏል አለኝ። ሌላ ወንድ ይዛ እንደሆነ ጠየቀ፤ አልያዘችም አልኩት። ታማም እንደሆነ ጠየቀ፤ ጤነኛ ናት አልኩት። እሱም ልክ ነበር እንግዲህ፤ በእኛ ወግ ሽማግሌ ቀጠሮ ይዞ ያለ ምክንያት ከቀረ የሴቷ ስም ነው የሚነሳው። ምን ነውር ቢገኝባት ነው ይባላል።

«ታደለ፣ እኔና አንተ ጉዳዩን ሳናውቅ የማንም ቤት ገብተን አናውቅም» አለኝ። «ካወቅኩ እኔ አንድ ዘዴ አላጣም። ካላወቅኩ እሁድ እሄዳለሁ።»

ነገርኩት። በማርያም ብዬ የማልኩት ጠዋት ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ነገርኩት። ሽብሩ የያዘውን ብርድ ልብስ አጥፎ ከክምሩ ላይ አስቀመጠው። ወንድሟ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አያውቅም፣ በእኔና በአንተ ይቅር አልኩት። «ይቅር» አለኝ። ተጨባበጥን። በታክሲ ወደ ቤቴ ስመለስ ሮቦት፣ የትራፊክ መብራቱ፣ በያዘን ቁጥር መስኮቱ ላይ የራሴን ፊት እያየሁ ፈገግ እል ነበር።

ሐሙስ እለት ምሕረት መጣች። ቅጹ ገብቶ እንደሆነ በአማርኛ ጠየቀችኝ። ገብቷል፣ መልስ እየተጠበቀ ነው አልኳት። መሳቢያው ከጉልበቴ በላይ አንድ ስንዝር ላይ ነበር። ከመንገድ የገዛችውን ብርቱካን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝና ሄደች። ብርቱካኑን ልጬ በላሁት። ጣፋጭ ነበር፤ አሁን ድረስ አፌ ላይ አለ።

ዓርብ አልመጣችም። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ሽብሩ ደወለ። ድምፁ የረጋ፣ የሚያመሰግን ድምፅ ነበር። የረቡዕን ሌሊት ሙሉ ሳስብ አደርኩ አለኝ። እኔ በዚህ ጉዳይ ሽማግሌ ነኝ፤ የልጅቷን ነገር አውቄ ብደብቅ፣ ነገ ሲታወቅ ሁለቱም ቤተሰብ ሽብሩ እያወቀ አዋረደን ይሉኛል፤ ስለዚህ ትናንት አመሻሽ ላይ ደሳለኝን ዛንድስፕሩት ሱቁ ድረስ ሄጄ ነገርኩት አለኝ። ደሳለኝ ወንድሟ ነው። ልጁ ጨዋ ነው፣ እጁን አላነሳባትም፣ አለቀሰ እንጂ አለኝ ሽብሩ። ነገ በስምንት ሰዓቱ በረራ ወደ አገር ቤት ትሄዳለች። ስልኳም ፓስፖርቷም ደሳለኝ ጋ ነው።

«አንተ ባትኖር ኖሮ ምን ዓይነት ቅሌት ይደርስብን ነበር» አለና ዘጋው።

ሽብሩን መርገም ፈለግኩ፤ ግን ምን ብዬ? እሱ ያደረገው እኔም በእሱ ቦታ ብሆን የማደርገውን ነው። እንዲያውም አድርጌያለሁ፤ ረቡዕ እለት። መሳቢያውን ከፈትኩ። ቅጹ አንድ ጠርዙ ላይ የማኅተም ቀለም ነክቶት እዚያው ተኝቷል። ደረጃውን ወጣሁት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ያልኳችሁን ደረጃ።

ኖምሳ ቅጹን አነበበች። ማኅተሙን አየች። «ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለችኝ።

«ዓርብ።»

«ረቡዕ ሦስት ባዶ ክፍል ነበረኝ» አለችኝ። አልጮኸችም። ለማን እንደነገርኩ ጠየቀችኝ፤ ለአንድ ሰው ብቻ አልኳት። «ብቻ» የምትለዋን ቃል ከአፌ ስትወጣ ራሴው ሰማኋት። ኖምሳ ስልኳን አነሳች። ከሰዓት በኋላ ቤሪያ ሄደን የአፓርታማውን ደወል ደወልን፤ የወንድሟ ሚስት በመነጋገሪያው ማንም የለም ብላ ዘጋችው። የፎቁን መስኮቶች ቀና ብዬ አየሁ፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ኖምሳ በመኪናዋ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ወሰደችኝ። በመንገድ ላይ ያወራችው ጥቂት ነው። ልጅቷ ለአካለ መጠን የደረሰች ናት፣ አልሄድም ካለች ማንም በግድ ሊያስሄዳት አይችልም አለችኝ። ነገር ግን ሁለት ቀን ተዘግቶባት፣ ያገሯ ሰው ሁሉ አንድ ቃል ሲላት የከረመች ልጅ ያንን ለማለት አቅም ላይኖራት ይችላል። «እኔ በእንግሊዝኛ እነግራታለሁ፤ አንተ ግን በቋንቋችሁ፣ በሰዎቻችሁ ፊት፣ እምቢ ማለት ትችያለሽ በላት። ከእናንተ ከአንዱ መስማት አለባት። ካንተ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው።» እሺ አልኳት። ዐረፍተ ነገሩን በልቤ እየደጋገምኩ ሄድኩ። እምቢ ማለት ትችያለሽ። ሦስት ቃል ነው።

የሻንጣ ማስረከቢያው ሰልፍ ላይ አገኘናቸው። ደሳለኝ፣ ሚስቱ፣ ሽብሩ። ምሕረት ራሷን በሻርፕ ተከናንባ በመሃላቸው ቆማለች። ከፊትና ከኋላቸው ሻንጣ የተሸከሙ የኛ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አንዱን ከሚስቱ ጋር ያስታረቅኩት እኔ ነኝ፣ እጁን አውለበለበልኝ። ደሳለኝ ሲያየኝ ሰልፉን ትቶ መጣ። ዓይኑ አብጧል። ትከሻዬን ሳመኝ። ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ፣ «ጋሽ ታደለ፣ ምስጋናዬ ከአንጀቴ ነው። እርስዎ ባይነግሩን ኖሮ ምን እንሆን ነበር» አለኝ።

ምሕረት ሰማች። ዞራ አየችኝ። ፊቷ ላይ ንዴት ባገኝ ይሻለኝ ነበር። ማን እንደተናገረባት ሲያስጨንቃት ለከረመ ጥያቄ መልስ ያገኘች ይመስል፣ አንድ ጊዜ ራሷን ነቀነቀች። ብርቱካን የሰጠችኝ ልጅ ናት። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ የሚሉት ነገር እስከዚያ ቀን የወሬ ማጣፈጫ ይመስለኝ ነበር።

በዚህ መሃል ኖምሳ ደርሳ ልጅቷን በስሟ ጠራቻት። ደሳለኝ ደነገጠ። «ይቺ ሴትዮ ማን ናት? ጋሼ፣ የቤተሰብ ጉዳይ መሆኑን ይንገሩልኝ» አለኝ። ኖምሳም አየችኝ። ሽብሩም። ሰልፉ ላይ ያሉት ሁሉ ወሬያቸውን አቁመው ዞሩ። ምሕረት ግን መሬት መሬት ታይ ነበር።

ሦስቱ ቃላት አፌ ውስጥ ነበሩ። ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ደሳለኝ፣ እስቲ ቀስ ብለን፣ ቁጭ ብለን እንነጋገር» አልኩ። በየሰው ቤት ስገባ የምላትን የመግቢያ ንግግሬን። ሰልፉ እየተንቀሳቀሰ፣ ሻንጣዋ ሚዛን ላይ ሊወጣ ሁለት ሰው ቀርቶት፣ ቁጭ ብለን እንነጋገር። ሽብሩ «ትክክል ነው» አለ። ኖምሳ ፊቷን ከእኔ መለሰች፤ ከዚያ በኋላ ያን ቀን አላየችኝም።

ልጅቷን ያዳናት ማንም አይደለም፣ ራሷ ናት። ሻርፑን ከራሷ አውርዳ በሁለቱ ተሰላፊዎች መሃል አልፋ ጠረጴዛው ጋ ደረሰች፤ ለሠራተኛዋም በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ፣ «ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። መሄድ አልፈልግም። ፓስፖርቴ ያ ሰውዬ ጋ ነው» አለቻት። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ግን እስከ መጨረሻው ተናገረች። ኖምሳ ሄዳ ከጎኗ ቆመች። ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች መጡና ደሳለኝን ፓስፖርቱን በትሕትና ጠየቁት።

ደሳለኝ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ቆሞ ቀረ። እኔ ስለ እሱም መናገር አለብኝ፤ ጨካኝ አልነበረም። ልጅነቱን ለእሷ የሰጠ ሰው ነው። «ምሕረት፣ ለእማዬ ምን ልበላት?» አላት፣ እንባው አገጩ ላይ እየወረደ።

«እንደምወዳት ንገራት» አለችው።

ፓስፖርቱን ሰጣት። ከኖምሳ ጋር ሲወጡ እኔ የቆምኩበት መተላለፊያ ጠባብ ነበር፣ መንገዱን ይዤባቸው ነበር። «ምሕረት፣ ልጄ» አልኩ። በማታውቀው ሰው ፊት እንደምታልፍ ሁሉ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ያሳልፉኝ» አለችኝ። አሳለፍኳት። ኖምሳ ና አላለችኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። በታክሲ ተመለስኩ። ገንዘብ ተቀባዩ ቦታ ስለሰጠኝ ጉልበቴን አቅፌ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ፤ አንዲት ሴትዮ ከኋላ በዙሉ «ባባ፣ ደህና ነህ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። የዚያ ሳምንት ሌላው ውሸቴ ነው።

ሰኞ ስቲከሩን በመጽሐፍ መጠገኛ ቢላ ፋቅኩት። ማንም አላዘዘኝም። የለጠፍኩበት ቦታ ከቀረው ጠረጴዛ ነጣ ብሎ አሁንም ይታያል። ለኖምሳ ሥራዬን እንደምለቅ ነገርኳት። ልቀቅ ወይም አትልቀቅ አላለችም፤ መልቀቅህ ልጅቷን ምን ይጠቅማታል ብላ ጠየቀችኝ። አልለቀቅኩም። ለምሕረት በአማርኛ አራት ገጽ የይቅርታ ደብዳቤ ጽፌ በኖምሳ በኩል ላክሁ። ሳይከፈት ተመለሰልኝ።

ከአንድ ወር በኋላ ሽብሩና ደሳለኝ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መጡ። ልጅቷ የምትኖርበትን እንድነግራቸው ፈልገው ነው። መጽሐፍ የሚዋስ ተማሪ ሁሉ አድራሻ ኮምፒውተሬ ላይ ነው፤ ሁለት ጊዜ ብነካው ይወጣል። ደሳለኝ ከስቷል። ላያት ብቻ ነው፣ ምንም አላደርጋትም አለኝ፤ አምነዋለሁ፣ ዛሬም አምነዋለሁ። ግን ያ ነገር የእኔ አልነበረም።

«አውቀዋለሁ፣ አልናገርም» አልኩት። «መልእክት ካለህ ለኖምሳ ስጣት። መቀበል ከፈለገች እሷ ትቀበላለች።»

ሽብሩ ደሳለኝን በክንዱ ያዘው። «አንተ ታደለ ነህ?» አለኝና ወጡ። ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና የጠራኝ የለም። ሰው ጄፒ ላይ ሲያየኝ ሰላም ይለኛል፣ ያልፋል። ይህን ስጽፍ ጀግና እንዳልመስላችሁ። ያን ቀን በጠረጴዛዬ ፊት ማንም አልነበረም፤ ሰልፍ አልነበረም፣ የሚያውለበልብልኝ ሰው አልነበረም። ያለ ተመልካች እምቢ ማለት ቀላል ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኔ «ሽማግሌ» መባል የጣማችሁ፤ አንድ ልጅ በር ዘግቶ ነገሩን ሲነግራችሁ የማስታረቅ ሱስ ሲነሳባችሁ ተጠንቀቁ። እኔ ስቲከሩን የለጠፍኩት ሰዎች እኔን እንዲያዩኝ ነበር። ልጅቷ ግን የፈለገችው አንድ ወረቀት ደረጃ እንዲወጣላት ብቻ ነበር። ምክር አልጠየቀችኝም፣ ወንድሟን አናግርልኝ አላለችኝም። አሁን ኖምሳ አዲስ ሠራተኞችን ስታሠለጥን ከወንበሬ ተነስቼ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። በየጊዜው ፊቴ ይቀላል፤ ይቅላ። ለመጻፍም ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ኖምሳ ጠይቃልኝ ምሕረት የላከችው መልስ፣ ስሟንና የሚያሳውቃትን ሁሉ እንድቀይር፣ ራሴን ግን እንዳላሳምር የሚል ነው። ምሕረት የሚለው ስም የእሷ አይደለም።

በቅርቡ አየኋት። ሁልጊዜ የሥራ ባልደረባዬ ወዳለችበት ጠረጴዛ ነበር የምትሄደው፤ ያን ቀን ባልደረባዬ ምሳ ወጥታ ነበር። መጽሐፏን አስቀመጠችና በእንግሊዝኛ እንዴት ዋሉ አለችኝ። አንድ ዓመት ሙሉ የተለማመድኩት ይቅርታ በአማርኛ ጉሮሮዬ ላይ መጣ። ግን በአማርኛ ልታናግረኝ መርጣ ነበር፣ አንድ ጊዜ፤ ያኔ ምን እንዳደረግኩበት ሁለታችንም እናውቃለን። በእንግሊዝኛ፣ የሚመለሰው በሁለት ሳምንት ነው አልኳት። አመሰገነችኝ።

በሩ ጋ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ። አየችውና ፊቷ በራ። «እማ» ስትል ሰማኋት፣ በአማርኛ፣ እየሳቀች፣ «እማ፣ ይሰማሻል?» ማንም አላስታረቃቸውም። ከዚያ በላይ እንዳልሰማ ማኅተሜን አንስቼ ወደሚቀጥለው ተማሪ ዞርኩ።